ኖቤል የበላች ትል

አንድ ጎረምሳ ዶክትሬቱን በትል ላይ እንደሚሠራ ለሠፈሩ ከተናገረ አለቀለት። ጀበና ቡናው ጋ ሳይደርስ ተረቡ መንገድ ላይ ይቀበለዋል። «እናቴ ከጎመን ላይ ትል ስትለቅም አርባ ዓመቷ፤ እሷን ማን ፕሮፌሰር አላት?» ይላል አንዱ። «ያስተማሩህ እኮ ከትል እንድትርቅ ነበር» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ሲኒውን አስቀምጦ ይጨርሰዋል፦ «ተውት ባካችሁ፣ የምርቃቱን ጋዋን ትሎቹ ራሳቸው ፈትለው ያለብሱታል!» ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ልጁም አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ?

እኔ ግን ዛሬ ከትሏ ወገን ነኝ። ተረብ ካማራችሁ እንተራረብ። ትሏ አፍ አጥታ አይደለም፣ ባክቴሪያ እየበላች ስለሆነ ነው፤ በጎረሰ አፍ መናገር ነውር መሆኑን ከብዙዎቻችን በተሻለ ታውቃለች። እናንተ ሰንዝሩ፣ እኔ እመልሳለሁ። የምጠራቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው፤ ተረቡ ግን ያገር ቤት ነው።

«ለመሆኑ ትል ምን የሚጠና ነገር አላት? አንጎል እንኳን የላት!»

ነርቭ አላት፤ 302። ተቆጥሮ ያለቀ ነው፤ አንድ አይጨመርም፣ አንድ አይቀነስም። አንተ 86 ቢሊዮን ገደማ ነርቭ ጭንቅላትህ ውስጥ ተሸክመህ ቁልፍህን የት እንዳስቀመጥክ ሚስትህን ትጠይቃለህ። እሷ በ302 ምግቧን ታሸታለች፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ትለያለች፣ ያሳመማትን ባክቴሪያ ደግሞ ሽታውን ይዛ ሁለተኛ አትጠጋውም። አንተን ባለፈው ወር ያሳመመህ ሥጋ ቤት ትናንትም እዚያው ነበርክ አሉ።

ይህችኛዋ ሲ. ኤለጋንስ ትባላለች። ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የወስፋት የሩቅ ዘመድ ናት፤ ግን ጨዋ ናት፣ ሰው ሆድ ውስጥ አትገባም፣ አፈርና የበሰበሰ ፍሬ ላይ ባክቴሪያዋን ለቅማ ትኖራለች። በ1963 ሲድኒ ብሬነር የተባለ ደቡብ አፍሪካ የተወለደ የጫማ ሠሪ ልጅ፣ ካምብሪጅ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጦ ለአለቃው ለማክስ ፐሩትዝ ደብዳቤ ጻፈ። ከእንግዲህ የሚያጓጓው ጥያቄ አንዲት ዕንቁላል እንዴት ሙሉ እንስሳ እንደምትሆን፣ ነርቭ እንዴት ጠባይ እንደሚሆን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ትንሽ፣ ለቀለብ የማታስቸግር፣ ቶሎ የምትወልድ እንስሳ ያስፈልጋል አለ። በአጭሩ ትል ስጡኝ ማለቱ ነው። የኛ ሠፈር ተራቢ ያኔ ካምብሪጅ ቢኖር ሰውዬው በማግስቱ መልቀቂያ ባስገባ ነበር።

ትሏ ገላዋ ብርሃን ያሳልፋል። በማይክሮስኮፕ ሥር ሆዷም፣ ዕንቁላሏም፣ እያንዳንዷ ሴሏም በቁሟ ትታያለች። የሆዷን መደበቅ የማትችል ፍጥረት ስለሆነች ፖለቲካ ውስጥ ቦታ የላትም። ከዕንቁላል ተነስታ በሦስት ቀን ገደማ ለአቅመ ሔዋን ትደርሳለች። አብዛኞቹ ወንድም ሴትም በአንድ ገላ ናቸው፤ ባል ሳይጠብቁ 300 ያህል ልጅ ያፈራሉ። ሽማግሌ የለ፣ ጥሎሽ የለ፣ የአዳራሽ ቀብድ የለ፣ የቪዲዮ ዕዳ የለ። ወንድ የሚባለው ከሺህ አንድ ሁለት ቢገኝ ነው፤ እሱም መጣ ቀረ ኑሮ ይቀጥላል። ቅር ያለው ወንድ ካለ አቤቱታውን ለተፈጥሮ ያቅርብ።

«ታዲያ አንድ ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሎ ትል ሲያይ ይውላል?»

ይውላል እንጂ። ጆን ሰልስተን የተባለው እንግሊዛዊ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት አራት ሰዓት፣ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ዓይኑን ማይክሮስኮፕ ላይ ተክሎ የትሏ ሴሎች ሲከፈሉ እያየ በእጁ ሣለ። አንተም እኮ በቀን ስምንት ሰዓት አንገትህን ደፍተህ ትውላለህ፤ እሱ ከማይክሮስኮፕ ሲነሳ ግኝት ይዞ ነው፣ አንተ ከቲክቶክ ስትነሳ የአንገት ሕመም ይዘህ ነው። በ1983 የፅንሱ ዘር ሐረግ ታትሞ ወጣ፤ እያንዳንዱ ሴል ከየትኛው ሴል እንደተወለደ፣ መቼ እንደተወለደ፣ የት ሄዶ ምን እንደሆነ ተጻፈ። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን «ዘመዱ ናት» ብለን ጋብቻ የምናፈርስ ሕዝብ ነን፤ ከመጀመሪያዋ ዕንቁላል እስከ መጨረሻዋ ሴል አንድ ሳያጎድል ለቆጠረ ሰው ባርኔጣ ማንሳት ይገባን ነበር።

ከቆጠራው ደግሞ አንድ ጉድ ወጣ። 1,090 ሴሎች ይወለዳሉ፤ ከነሱ 131ዱ በታወቀ ቦታ፣ በታወቀ ሰዓት ይሞታሉ፤ 959 ይቀራሉ። ሞታቸው ድንገተኛ ሳይሆን የታዘዘ ነው። ሮበርት ሆርቪትዝ ትእዛዙን የሚሰጡትን ጂኖች ለየ፤ አምሳያዎቻቸውም በሰው ሴል ውስጥ ተገኙ። በእናትህ ሆድ ሳለህ ጣቶችህ የተለያዩት በመካከላቸው የነበሩት ሴሎች እንዲህ ባለው ሞት ስለሄዱ ነው። መሄድ የነበረበት ሴል «አልሄድም» ካለ ደግሞ ለካንሰር በር ይከፍታል። እንግዲህ ሴል እንኳን ዘመኑ ሲያልቅ መሰናበት ያውቃል። የኛ ዕድር ሊቀ መንበር ላይ ግን ይህ ጂን እስካሁን አልተገኘም፤ ጥናቱ ይቀጥላል።

ብሬነር፣ ሰልስተንና ሆርቪትዝ በ2002 ኖቤል ተሸለሙ። ብሬነር በንግግሩ ላይ አራተኛዋ ተሸላሚ ትሏ እንደሆነች፣ ክብሩም እንደሚገባት፣ ከገንዘቡ ግን መካፈል እንደማትችል ተናገረ። ሰውዬው ራሱ ተራቢ ነበር ማለት ነው። የኛ ሰው ቢሆን ኖሮ ድርሻዋን «በአደራ» ተቀብሎ ሳር ቤት አካባቢ ሕንፃ ይጀምርበት ነበር።

በዚህ ቢበቃ ጥሩ። አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ በአር ኤን ኤ ጂንን ዝም ማሰኘት እንደሚቻል በ1998 ያሳዩት በዚህችው ትል ነው፤ በ2006 ተሸለሙ። ማርቲን ቻልፊ ከባሕር ጄሊ ዓሣ የተገኘውን አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን በትሏ ነርቭ ውስጥ አብርቶ በ1994 አሳየ፤ በ2008 የኬሚስትሪውን ኖቤል ከተካፈሉት አንዱ ሆነ። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን ደግሞ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉትን ጥቃቅን የጂን ተቆጣጣሪዎች በ1993 ያወጡት ከትሏ ነው፤ በ2024 ስማቸው ተጠራ። «አንጎል እንኳን የላት» ያልካት ትል አራት ጊዜ ስቶክሆልም ደርሳለች፤ አንተ ገና የፓስፖርት ቀጠሮ እየጠበቅህ ነው።

«ይህን ሁሉ ካወቁ ጨርሰዋታል፤ ምን ቀራቸው?»

ገና ናቸው። በ1986 ጆን ዋይትና ባልደረቦቹ የትሏን የነርቭ ካርታ አሳተሙ፤ የትኛው ነርቭ ከየትኛው እንደተያያዘ ከ300 ገጽ በላይ ፈጅቶ ተዘረዘረ። ከ2011 ጀምሮ ኦፕንዎርም የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት ትሏን ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር ለመፍጠር ይለፋል። ሙሉዋ ትል ግን እንደ ሥጋ ዘመዷ ሆና አልተነሳችም። ካርታው ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ይናገራል፤ ምን እንደተባባሉ፣ ማን ጮክ ብሎ ማን በሹክሹክታ እንደተናገረ አይናገርም። መልእክቱ ደግሞ በነርቮቹ ሽቦ ብቻ አያልፍም፤ ከሽቦው ውጭ በገላዋ ውስጥ የሚዞር የኬሚካል ወሬም አለ። 302 ነርቭ ያላት፣ ካርታዋ በእጅ ያለ ትል ቀጥላ ምን እንደምታደርግ መናገር ያስቸገረበት ዓለም ውስጥ ተቀምጠህ «ባለቤቴን ልቧን አውቀዋለሁ» ትላለህ? ዛሬ ማታ ስትገባ እንተያያለን።

ስለ ዕድሜም እንጫወት ካልክ፣ ትሏ የምትኖረው ሁለት ሦስት ሳምንት ነው። በ1993 ሲንቲያ ኬንየን ዳፍ-2 የተባለ አንድ ጂን የተበላሸባት ትል ከእጥፍ በላይ እንደምትኖር፣ ያውም እየተንቀሳቀሰች እንደምትኖር አሳየች። ጂኑ በኋላ ሲመረመር ኢንሱሊን መልእክት የሚያስተላልፍበት መስመር ላይ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ የእርጅና ጥናት ከዚያ በኋላ ሌላ ጥናት ሆነ። ሰው ላይ በእጥፍ ይሠራል ያለ የለም፤ ቢሠራም የሚደሰተው ያከራየህ ሰውዬ ብቻ ነው። እንቅልፍም አንሳ ካልከኝ፣ በሳይቤርያ በረዶ ውስጥ 46,000 ዓመት ገደማ የቆየች የትል ዝርያ በረዶው ሲቀልጥላት ነቅታ ወልዳለች፤ ዝርዝሩ በ2023 ታትሟል። ሰኞ ጠዋት አላርምህን አምስት ጊዜ የምታጠፋው ልጅ፣ በዚህ ጉዳይ አስተያየት ባትሰጥ ይሻላል።

«ፈረንጅ ሥራ ሲያጣ እንዲህ ይጫወታል!»

ጨዋታስ የዳርዊን ነበር። ዓለምን በዝርያዎች አመጣጥ ያናወጠው ሰውዬ በ1881፣ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ የመጨረሻ መጽሐፉን ያወጣው በምድር ትል ላይ ነው። አፈር በተሞላ ዕቃ አኑሯቸው ልጁ ባሱን የተባለውን ትልቅ የትንፋሽ መሣሪያ ነፋላቸው፤ ፒያኖ ተመታላቸው፤ ተጮኸባቸው። ንቅንቅ አላሉም። ዕቃውን ፒያኖው ላይ አስቀምጠው አንድ ኖታ ሲመቱ ግን ትሎቹ ወደ ጉድጓዳቸው ጥልቅ አሉ። ጆሮ የላቸውም፣ ንዝረት ግን ያውቃሉ። ጎረቤትህ ለልደት ድንኳን ተክሎ ስፒከር ሲደረድር አንተንም የሚያንቀጠቅጥህ ይኸው ነው፤ ትሏ ግን የምትገባበት ጉድጓድ አላት፣ አንተ ኮንዶሚኒየም ነህ።

ከጨዋታው ውስጥ ሒሳብ ወጣ። በብዙ የእንግሊዝ አካባቢ በአንድ ኤከር መሬት ላይ በዓመት ከ10 ቶን በላይ አፈር በትል ሆድ አልፎ ወደ ላይ እንደሚወጣ ዳርዊን አሰላ። ሜዳ ላይ የተጣለ ድንጋይ የሚሰምጠው፣ የጥንት ፍርስራሽ አፈር ለብሶ የሚቆየው በነሱ ሥራ ነው አለ። ያኔ የሳቁበት ዛሬ አፈር ውስጥ ናቸው፤ ጉዳያቸውን የያዘችው ራሷ ትሏ ናት። እኛም ዘንድ ቀይ ትል አርብቶ ኮምፖስት የሚሠራ ገበሬ አለ። የማዳበሪያ ወረፋ ላይ ቆሞ በሱ የሚስቅ ጎረቤትም አይጠፋም።

«እሺ፣ የነሱ ይሁን። እኛን ሐበሾቹን ግን ትል ምን አገባን?»

ጥሬ ሥጋ እየጎረስክ ነው ይህን የምትጠይቀኝ? አያቶችህ በየሁለት ወሩ ኮሶ የሚጠጡት ለፊታቸው ውበት መሰለህ? የኮሶ ትል ሆድ ውስጥ ብዙ ሜትር ትረዝማለች፤ ያውም ኪራይ ሳትከፍል፣ ከምርጡ ሥጋ አስቀድማ እየቀመሰች። አያቶቻችን ግን ትሏን በዛፍ አበባ ማስወጣት አወቁ፤ አበባውም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ተሻግሮ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ገባ። ያኔ የመጣብን ፈረንጅ መራራውን ጨልጦ «ይሠራል» ብሎ ጻፈ። አንተ ዛሬ ክኒኑን በማንኪያ ማር ውጠህ ታቃስታለህ።

ደግሞም ተመራማሪው አክሊሉ ለማ የማን ነበር? በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ፤ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ውኃው ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ። ቢልሃርዝያን የሚያመጣው ትል ሰው የደም ሥር ውስጥ ይኖራል፤ ወደ ሰው ከመምጣቱ በፊት ግን ቀንድ አውጣ ቤት ያድራል። ቀንድ አውጣው ከሞተ ትሉ ማደሪያ አጣ። እናቶቻችን ለዘመናት ነጠላ ሲያነጡ ሳያውቁት በሽታ ሲዋጉ ኖረዋል። ሺህ ሰው በዚያ ወንዝ ዳር አልፏል፤ ቆም ብሎ «ይህ ለምን ሞተ?» ያለው ግን አንድ ነው። አክሊሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስሙ ይጠራል። እንዶድ በዓለም መድረክ ተቀባይነት እንዲያገኝ ግን ዓመታት ፈጅቶበታል፤ እዚህ የተሠራው ፍተሻ አልበቃቸውም፤ ደረጃውን በጠበቀ ላቦራቶሪ እንደገና ይመርመር እያሉ አመላለሱት። በ1989 ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ስለዚህ «ትል ምን አገባን» ያልከኝን መልሰህ ዋጠው፤ ከኮሶው ይልቅ ይመራል።

አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ደግሞ ከጥግ ሆነው እንዲህ አሉ፦ «እኔ ሠላሳ ዓመት ድልድይ ስሠራ አንድም ቀን ትል አላማከርኩም!»

እርስዎ አላማከሩም ጋሼ፤ ማርክ ብሩኔል ግን አማከረ። የመርከብ ትል የምትባለው፣ የመርከብ እንጨት እየሰረሰረች ባሕርተኛ የምታስለቅሰዋ፣ በጭንቅላቷ ላይ ባለ ጠንካራ ዛጎል እንጨቱን እየፋቀች ትገፋለች፤ ከኋላዋ ደግሞ የጉድጓዷን ግድግዳ እየለሰነች ትሄዳለች። ብሩኔል ይህን አይቶ ሠራተኞችን አፈር ሳይደረመስባቸው የሚያስቆፍር የብረት ጋሻ አሰበ፤ በ1818 የፈጠራ መብት አወጣበት። ከቴምዝ ወንዝ በታች ቁፋሮው በ1825 ተጀምሮ መተላለፊያው በ1843 ተከፈተ። ዛሬም ባቡር ያልፍበታል። የየከተማውን የምድር ውስጥ ባቡር መንገድ የሚቆፍሩት ማሽኖች የዚያ ጋሻ የልጅ ልጆች ናቸው። በነገራችን ላይ የመርከብ ትል ሲመረመር ዘሯ ከዛጎል ለባሾች ነው፤ ትል አይደለችም። ትል መባል ክብር መሆኑን ከማንም ቀድማ ስላወቀች በስሙ ትነግድበታለች።

ከዚያ ወዲህ መሐንዲስ ትልን ማማከር አላቆመም። በ2012 የኤም አይ ቲ፣ የሃርቫርድና የሴኡል ተመራማሪዎች እንደ ምድር ትል ገላውን እያጠበበና እያሰፋ የሚሳብ ለስላሳ ሮቦት ሠሩ። በመዶሻ መቱት፤ ሄደ። ረገጡት፤ ሄደ። ይህን ያህል ተረግጦ የሚሄድ ፍጥረት ከዚህ በፊት የታየው የኮንዶሚኒየም ዕጣ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሮቦት ጠባብ ቦታ ውስጥ፣ ጎማና እግር የማይደርስበት ቀዳዳ ውስጥ ይገባል ተብሎ ይታሰባል።

ጆርጂያ ቴክ ውስጥ ደግሞ ሳድ ባምላና ባልደረቦቹ የውኃ ጥቁር ትሎችን ያያሉ። እነዚህ ትሎች በመቶ በሺህ ሆነው ተቆላልፈው አንድ ኳስ ይሆናሉ፤ በዚያም እርጥበታቸውን ይጠብቃሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ሳይማሩ ያውቁታል። የሚገርመው መፈታታቸው ነው። ለመቆላለፍ ደቂቃዎች ይፈጅባቸዋል፤ አደጋ ሲመጣ ግን በሰከንድ ክፍልፋይ ብትን ይላሉ። በ2023 ከሒሳብ ሊቃውንት ጋር ሆነው ምስጢሩን ጻፉ፤ ትሎቹ ገላቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያፈራረቁ የሚያዞሩበት ፍጥነት ነው ልዩነቱ። የኛ ነገር ግልባጩ ነው፤ ኮሚቴ በአምስት ደቂቃ ይቆላለፋል፣ ለመፈታት ግን ሌላ ኮሚቴ ይቋቋምለታል።

ፌስታልስ? ፌዴሪካ ቤርቶኪኒ የተባለች ተመራማሪ ንብ ታረባ ነበር። ከቀፎዋ የሰም ትል ለቅማ ፌስታል ውስጥ ከተተቻቸው፤ ተመልሳ ብታይ ፌስታሉ ተበሳስቷል። በ2017 ግኝቱ ታተመ፤ በ2022 ደግሞ ጉዳዩ ያለው ምራቃቸው ውስጥ ባሉ ኢንዛይሞች እንደሆነ ተጻፈ። አንድ ትል ከተማ አታጸዳም፤ የሚፈለገው ኢንዛይሙን አውጥቶ ማባዛት ነው። ልብ በሉ ግን፤ ትሏ ምራቋን ፌስታሉ ላይ ትተፋለች፣ ሰውዬው ፌስታሉን ወንዝ ላይ ይጥላል፣ ከዚያ «ትል ቆሻሻ ናት» ይላል።

የሐር ትሎችንም ከጠራሁ አይቀር፣ በ2013 ኤም አይ ቲ ውስጥ 6,500 የሐር ትሎች ሮቦት በዘረጋላቸው ክር ላይ እየተራመዱ ጉልላት ፈትለው ሸፈኑ። ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቁም፤ «ሲሚንቶ ጠፋ» አላሉም፤ የጀመሩትንም ጨርሰው ሄዱ። እኛም ዘንድ መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ውስጥ የጉሎ ቅጠል የምትበላውን የሐር ትል ያጠናሉ። ከጉሎ ሐር ማውጣት ማለት ሠፈራችን ውስጥ ከሐሜት ዕርቅ እንደማውጣት ነው፤ ቢሆንም ትሏ ትችላለች።

«እሺ፣ ተፈጥሮውስ ይሁን። ኮምፒውተር ውስጥ ትል ምን ትሠራለች?»

ተረብ! የምሬን ነው። በ1971 ቦብ ቶማስ የሠራት ክሪፐር የተባለች ፕሮግራም ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየተዘዋወረች ስትደርስ የምታደርገው አንድ ነገር ነበር፤ «ከቻልክ ያዘኝ» ዓይነት መልእክት ትጽፋለች። ሪፐር የተባለች ሌላ ፕሮግራም ተሠርታ እያሳደደች አጠፋቻት። የመጀመሪያው ተረብና የመጀመሪያው መልስ ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ጆን ሾክና ጆን ሃፕ ሌሊት ሥራ የፈቱ ኮምፒውተሮችን ፈልጋ የምታሠራ ትል ሠሩ። ሐሳቡ ቅን ነበር። አንድ ቀን ትሏ ሌሊቱን ተበላሽታ አደረች፤ ጠዋት ሲመጡ ኮምፒውተሮቹ ተዘርረዋል። ደግነታቸው፣ ራሷን እንድታጠፋ የሚያዝ ትእዛዝ አስቀድመው አዘጋጅተው ነበር። ሁለቱም በ1982 ባሳተሙት ጽሑፍ ጉዱን ሳይደብቁ ተናገሩ።

ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ተማሪ አንዲት ትል ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ፤ ምንጩ እንዳይታወቅ ከኤም አይ ቲ ነበር የለቀቃት። ትሏ የገባችበት ኮምፒውተር ውስጥ ደግማ እንዳትገባ ትጠይቃለች። «ገብተሻል» እያለ የሚዋሻት እንዳይኖር ብሎ ግን ከሰባት አንዴ መልሱን ሳትሰማ እንድትገባ አደረጋት። ያቺ ከሰባት አንዷ በየኮምፒውተሩ ተደራርባ መሣሪያዎቹን አንቃ ያዘቻቸው። ያኔ ከነበረው ኢንተርኔት አሥር በመቶ ገደማ፣ 6,000 ያህል መሣሪያ እንደተያዘ ይገመታል። አባትየው የአሜሪካ መንግሥት የኮምፒውተር ደህንነት ዋና ሳይንቲስት ነበር፤ ከአባት ሙያ መውረስ እንዲህ ነው። ልጁ 3 ዓመት የአመክሮ ጊዜ፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር ቅጣት ተፈረደበት። በኋላ የት ፕሮፌሰር ሆነ? ኤም አይ ቲ! ትሏን የለቀቀበት ግቢ ደሞዝ ከፈለው። «ትል ያጠና ምን ይበላል» ያልከው ሰውዬ፣ ይህን በጽሑፍ ላድርግልህ?

«ኧረ፣ ይቺን ትንሽዬ ፕሮግራም ማን ይፈራታል?» የሚል ደግሞ አይጠፋም። ስላመር የተባለችው ትል ጠቅላላ መጠኗ 376 ባይት ነበር። አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ ብዙ ጊዜ 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ በኛ ፊደል ብትጻፍ 125 ፊደል ገደማ፣ ማለትም ከዚህ አንቀጽ ሩቡን እንኳ አትሞላም። ጃንዋሪ 25 ቀን 2003 ስትለቀቅ መጀመሪያ ላይ በየ8.5 ሰከንዱ እጥፍ ሆነች፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቀዳዳ ያላቸውን ሰርቨሮች አብዛኞቹን ያዘች፤ ቢያንስ 75,000 ኮምፒውተር። መድፈኛው ከስድስት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ «ነገ እጭናለሁ» ያለ ሁሉ ነገውን አየ። የናቁት ያደርጋል ራቁት ይሏል ይኼ ነው። በዚያው ዓመት ዌልቺያ የተባለች «ደግ» ትል መጣች፤ ብላስተር የተባለችውን ክፉ ትል እያሳደደች የኮምፒውተሩን ቀዳዳ ልትደፍን። በደግነቷ ብዛት መስመሩን አጨናንቃ ከክፉዋ የማይተናነስ ጉዳት አደረሰች። ሳይጠሯት ገብታ ድስቱን አማስልልሽ የምትል ጎረቤት ያለቻችሁ ታውቋታላችሁ።

እዚህ ጋ ነው ባዮሎጂና ኮምፒውተር የተጨባበጡት። የኮምፒውተር ትል እንዴት እንደሚዛመት ለማስላት ተመራማሪዎች ያነሱት ሒሳብ የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ወረርሽኝ የሚሰላበትን ነው፤ ስንት ጤነኛ አለ፣ ስንት ተይዟል፣ ስንት ድኗል። ግልባጩም አለ። ከሲ. ኤለጋንስ የነርቭ አሠራር ሐሳብ ተበድረው የኤም አይ ቲና የኦስትሪያ ተመራማሪዎች በ2020 ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ አሳተሙ፤ ካሜራ ያየውን ተቀብሎ መሪውን የሚያዘው ክፍል 19 ሰው ሠራሽ ነርቭ ብቻ ነበረው። መኪናዋ መስመሯን ጠብቃ ሄደች። የኛ ሚኒባስ ሾፌር 86 ቢሊዮኑን ይዞ መስመር ማለት ምን እንደሆነ ረዳቱን ይጠይቃል።

አሁን የናንተ ተረብ አልቋል መሰለኝ፤ የኔን ልጨምር። ብሬነር ትሏን የመረጣት ትንሽ ስለሆነች፣ ተጀምራ ስለምታልቅ ነው። ሰልስተን የቆጠረው እስከ መጨረሻው ስለሚቆጠር ነው። አክሊሉም ያየው የአገርን ጤና በሞላ አይደለም፤ አንድ የሞተ ቀንድ አውጣ ነው። እኛ ግን ርዕስ ሲመረጥ ዓይናችን የሚያርፈው ሰፊው ላይ ነው። «በልማት ላይ የሚታዩ ተግዳሮቶችና መልካም አጋጣሚዎች» የሚል ጥናት መደርደሪያ ሞልቶ ተርፏል፤ የሚያነበው ግን ወረቀቱን የሚበላው ነፍሳት ብቻ ነው። ትልቅ ርዕስ ይዞ ምንም ሳይቆጥሩ መመረቅ ይቻላል። ትንሽ ይዞ የገባ ግን መቁጠር ግዴታው ነው፤ ሲሳሳትም ወዲያው ይታይበታል። የሚሳቅበት ልጅ የገባበት ፈተና ይኼ ነው፤ ሳቂው የሸሸው ፈተናም ይኼው ነው።

ስለዚህ የቀረህ ተረብ ካለ ሰንዝር። በፊት ግን አንዲት ጥያቄ መልስልኝ፤ ሰውነትህ ውስጥ ስንት ሴል አለ? ሊቃውንቱ ያንተን በግምት ነው የሚናገሩት፤ ይህን ያህል ትሪሊዮን ገደማ ብለው ያልፉሃል። ትሏ ብትጠየቅ አትንተባተብም፤ 959 ነኝ ትላለች። እስኪ ቆጠራህ እስኪያልቅ ድረስ፣ ተቆጥራ ባለቀችው ላይ አፍህን አትክፈት።